የክፍሎችን ዞኮሎና የበር ክፈፍ ማዛመድ፦ በድሬዳዋና በሐረር ቤት ለሚያድሱ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ቤት ሲታደስ ሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ የሚነካበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ሳሎኑ ሴራሚክ ይነጠፍለታል፣ ወይም ከዋናው ቤት ጎን አንድ የብሎኬት ክፍል ይጨመራል፣ መኝታ ቤቶቹ ግን በነበሩበት ሊሾ ይቆያሉ። ሥራው አልቆ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገሩ አለመመሳሰሉ ጎልቶ የሚታየው ከወለሉ መሀል ይልቅ በዳሩ ነው። በግድግዳው ግርጌ ያለው ዞኮሎ በአንዱ ክፍል 7፣ በሌላው 12 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ የአንዱ በር ዙሪያ በሰፊ ጣውላ ተከፍፎ የሌላው መቃን ደግሞ ከልስኑ ጋር እንደተሰነጣጠቀ ይቀራል። ከዚህ በታች «ክፈፍ» የምለው በመቃኑና በልስኑ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሸፈን በበሩ ግራ፣ ቀኝና በጉበኑ ላይ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጣውላ ነው።

ገንዘብ የማያሳስበው ሰው ሁሉንም ነቅሎ በአዲስ ቢተካ ይገላገላል። ባጀቱ ለሁለት ክፍል ብቻ የሚበቃው ሰው ግን የዞኮሎውን ከፍታ፣ የላይኛውን ጠርዝ ቅርጽና ቀለሙን ካስተካከለ ቀሪው ልዩነት እምብዛም አይታይም። የማይስተካከለውን ልዩነት ለመሸሸግ ደግሞ ከበሩ የተሻለ ቦታ የለም። በዚህ ምክንያት የሥራው ቅደም ተከተል ወለል፣ ቀጥሎ የበር ክፈፍ፣ በመጨረሻ ዞኮሎ መሆን አለበት። ዞኮሎውን አስቀድሞ የሚመታ ሠራተኛ ቢገጥምዎ ያስቁሙት፤ በኋላ ክፈፉን ለማስገባት ዞኮሎውን እንደገና መቁረጡ አይቀርም።

በሮቹን ከፍቶ ማየት

በመጀመሪያ የቤቱን በሮች ሁሉ ይክፈቱና በእያንዳንዱ በር ላይ ቆመው የትኞቹ ክፍሎች አብረው እንደሚታዩ ይመዝግቡ። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ከሌላው ከተማ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በሙቀቱ ምክንያት የውስጥ በሮች ቀኑን ሙሉ ተከፍተው መጋረጃ ብቻ ስለሚጣልባቸው ሳሎን፣ ኮሪደርና አንድ መኝታ ቤት አዘውትረው በአንድ እይታ ይታያሉ። እነዚህ በትክክል መዛመድ ያለባቸው ክፍሎች ናቸው። ወጥ ቤት፣ ዕቃ ቤትና ሰርቪስ ግን በራቸው ስለሚዘጋ ከፍታቸው ከተቀራረበ ይበቃል።

በዚሁ ዙር መጅሊስ (የወለል መቀመጫ ፍራሽና ትራስ) የተዘረጋባቸውን ግድግዳዎች ምልክት ያድርጉባቸው። ከፍራሹና ከትራሱ ጀርባ ያለውን ዞኮሎ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ የጎደለ ቁራጭ ሲያስፈልግዎ የሚነቀልበት የመጀመሪያ ቦታ እሱ ነው።

ልክ መውሰድ

ለእያንዳንዱ ክፍል የዞኮሎውን ከፍታ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣበትን ውፍረት፣ የክፈፉን ስፋትና ውፍረት በሚሊ ሜትር ይጻፉ። በሳንቲ ሜትር መጻፍ አይበቃም፤ በአንድ መስመር ላይ ጫፍ ለጫፍ በተገናኙ ሁለት ጣውላዎች መካከል የ3 ሚ.ሜ. ልዩነት ከሩቅ ይታያል። የቀለሙ ንብርብር እንዳያሳስትዎ አንድ ቦታ ላይ ፍቀው እስከ እንጨቱ ድረስ ይለኩ።

ከፍታው ስንት ይሁን ለሚለው ጥያቄ የጣሪያውን ከፍታ ማየት ይበጃል። ጣሪያው ከ2.60 እስከ 2.80 ሜትር ለሆነ ክፍል ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ. ዞኮሎ ይበቃዋል። እንደ ድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የቆዩ ቤቶች ጣሪያው ከፍ ያለ ከሆነ ግን ያው ዞኮሎ ክር መስሎ ስለሚታይ ከ12 እስከ 15 ሳ.ሜ. የሆነው ይመረጣል። አሮጌው ቤት ከፍ ያለ፣ ጎኑ የተጨመረው አዲስ ክፍል ዝቅ ያለ ጣሪያ ሲኖራቸው እኔ የማደላው ለአሮጌው ነው፤ በዝቅተኛው ክፍል ውስጥ 12 ሳ.ሜ. ትንሽ ቢበዛ አያስከፋም፣ በከፍተኛው ክፍል ውስጥ 7 ሳ.ሜ. ግን ያለቀ ሥራ አይመስልም።

የወለሉ ከፍታ ሲለያይ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በነበረው ሊሾ ላይ ሴራሚክ በማጣበቂያ ሲነጠፍ የሴራሚኩ ውፍረት ከ8 እስከ 10 ሚ.ሜ.፣ ማጣበቂያው ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ. ስለሚሆን ወለሉ ከ11 እስከ 15 ሚ.ሜ. ይነሳል። በአሸዋና በሲሚንቶ ድልዳል ላይ ከተነጠፈ ደግሞ 3 ወይም 4 ሳ.ሜ. ሊነሳ ይችላል። አሮጌው ዞኮሎ ሳይነቀል ሴራሚኩ ተጠግቶ ከተነጠፈ የ10 ሳ.ሜ. ዞኮሎ ወደ 8.5 ይወርዳል፣ በኋላም ሴራሚኩን ሳይሰብሩ ለማውጣት ያስቸግራል። ስለዚህ የሴራሚክ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ዞኮሎው ሁሉ መነቀል፣ የክፈፉም እግር ከታች በመጋዝ ተቆርጦ ሴራሚኩ ሥሩ እንዲገባ ቦታ መተው አለበት። እግሩን ለመቁረጥ አንድ ቁራጭ ሴራሚክ በወፍራም ካርቶን ላይ አስቀምጠው መጋዙን በላዩ አጋድመው ይግፉ፤ ካርቶኑ የማጣበቂያውን ውፍረት ይተካል።

ሁለቱ ወለሎች የሚለያዩበት መስመር በሩ ሲዘጋ ከበሩ ክንፍ ሥር መዋል አለበት። በዚህ መልክ ከተሠራ ከየትኛውም ክፍል ሆነው የሚታየው የዚያው ክፍል ወለል ብቻ ነው። ደፉ ላይ እምነበረድ ወይም የአሉሚኒየም ማገናኛ ይቀመጣል፣ በሩም ከታች ተላግቶ ከ8 እስከ 10 ሚ.ሜ. ክፍተት ይተውለታል።

የዞኮሎው ከፍታ ከየክፍሉ ወለል ይለካ ወይስ በሁለቱም ክፍል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሁን? በመካከላቸው ክፈፍ ያለው በር ካለ ከየወለሉ እኩል ከፍታ ይለካ፤ ክፈፉ መስመሩን ስለሚያቋርጠው የ1.5 ሳ.ሜ. ልዩነት አይታወቅም። በር በሌለው ክፍት መተላለፊያ ወይም ቅስት ግን ዓይን ሁለቱን መስመር አገናኝቶ ስለሚያይ የላይኛው ጠርዝ በውሃ ልክ አንድ መሆን፣ በተነሳው ወለል በኩል ያለው ጣውላም ከሥሩ በልዩነቱ ልክ መላግ ይኖርበታል። ልዩነቱ ከ2 ሳ.ሜ. ካለፈ ይህ አያዋጣም፤ በመተላለፊያው ዙሪያ ክፈፍ መምታትና መስመሩን በዚያ መቁረጥ ይሻላል። የዕቃው ዓይነት የሚለወጠው ደግሞ በመተላለፊያው የውስጥ ጥግ ላይ ይሁን፤ በውጭው ጥግ ላይ ከተለወጠ ጥፋቱ ፊት ለፊት ይቆማል።

ዕቃ መምረጥ

እዚህ አገር በብዛት የሚገኙት የእንጨት፣ የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፣ የፕላስቲክ፣ ከሴራሚኩ ራሱ የሚቆረጥና በዘይት ቀለም ግድግዳው ላይ የሚቀባ ዞኮሎ ናቸው። ወለሉን በውሃ ማጠብ፣ በሙቀት ሰዓትም ውሃ መርጨት በተለመደበት ቤት ኤምዲኤፍ አልመክርም፤ ከሥሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላም ወደ ልኩ አይመለስም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰውን ጥፋት የሚያስታውስ ሰው ደግሞ በወንዙ ዳር ባለ ቤት ውስጥ ከሴራሚክ ሌላ ምርጫ አያስብም።

ሴራሚክ ሲቆረጥ አንድ ስሌት አለ። የ60 በ60 ሴራሚክ ለስድስት ሲከፈል አምስት ጊዜ ስለሚቆረጥ፣ ዲስኩም በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ሚ.ሜ. ያህል ስለሚበላ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ 9.8 ሳ.ሜ. ይደርሳል። ስለዚህ በቀጣዩ ክፍል ለሚሠራው የእንጨት ዞኮሎ አናጢው ጋ «10 ሳንቲ» ብለው አይዘዙ፤ መጀመሪያ ሴራሚኩን አስቆርጠው ቁራጩን ይዘው ይሂዱ። ከስድስቱ ቁራጮች የፋብሪካ ጠርዝ ያላቸው ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት ብቻ ናቸው። እነዚህን ጠርዛቸውን ወደ ላይ አድርገው ለበሩ አካባቢና ለመግቢያው ፊት ያስቀምጡ፤ የቀሩት አራቱ የላይኛው ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይሳል።

ባጀቱ ጭራሽ ለማይበቃ ክፍል የሚቀባው ዞኮሎ ሊናቅ አይገባም። በውሃ ልክ መስመር ተሠምሮ፣ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ፣ ከጎረቤቱ ክፍል ዞኮሎ ጋር በአንድ ከፍታና በአንድ ቀለም ከተቀባ በበር በኩል ሲታይ ውፍረት እንደሌለው አይለይም።

እንጨት ከመረጡ ከሚመታበት ክፍል ውስጥ በመሀሉ ቀጫጭን ቁራጭ እየተደረገ ተጋድሞ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆይ። ከደጋ የመጣ ጣውላ በድሬዳዋ ደረቅ አየር ውስጥ በስፋቱ ይጠባል፤ ከተመታ በኋላ ከጠበበ መገጣጠሚያው ሁሉ ይከፈታል። ምስጥ ባለበት ሰፈር አንዳንዶች የተቃጠለ የሞተር ዘይት የጣውላውን ጀርባ ይቀባሉ፤ ዘይቱ ቆይቶ ወደ ፊት እየሰረገ ቀለሙን ስለሚያበላሽ ለውስጥ ክፍል ደረጃውን የጠበቀ የፀረ ምስጥ መድኃኒት ይጠቀሙ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ ባህላዊ ቤት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ባለ እርከኑ ነደባ (የመቀመጫው መደብ) ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ ስለተሠራ ዞኮሎ የሚባል ነገር ቦታ የለውም፤ የነደባው ጠርዝና ቀለሙ ያንን ሥራ ይሠራሉ። በድንጋይና በጭቃ የታነጸ ግድግዳ ላይ ጣውላ በብሎን ማሰርም ሆነ ግርጌውን በሲሚንቶና በዘይት ቀለም መሸፈን እርጥበቱን አፍኖ ልስኑን ያራግፋል። ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ከመንካትዎ በፊት የቅርስ ጽሕፈት ቤቱን ማማከር ግድ ነው። ከግንቡ ውጭ ባሉ አዳዲስ ቤቶች የሚሠራው እንደ ድሬዳዋው ነው።

አሮጌውን መንቀል፣ ማዛወርና ማስቀዳት

አሮጌውን ዞኮሎ ሲነቅሉ መጀመሪያ የላይኛውን የቀለም መስመር በስለት ይቁረጡ፤ ይህ ካልተደረገ ልስኑ አብሮ ይነሳል። ከዚያ ጠፍጣፋ ብረት አስገብተው፣ ከብረቱ ጀርባ ቁራጭ ጣውላ ደግፈው፣ ምስማር ባለበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያላቀቁ ይሂዱ። ምስማሩን በጀርባ በኩል በጉጠት ስበው ያውጡት። ከፊት መትቶ ማውጣት ጣውላውን ይፈነቅለዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ በጀርባው የክፍሉን ስምና ቁጥር ይጻፉበት።

ከብዙ ሰው የሚሰወረው ብልሃት ማዛወር ነው። ለምሳሌ ሳሎኑ ሲሰፋ 4 ሜትር ዞኮሎ ቢጎድልና የድሮው ቅርጽ በገበያ ባይገኝ፣ ከኋላ ያለውን የአንድ መኝታ ቤት ዞኮሎ ሙሉ በሙሉ ነቅለው ሳሎኑን ይሙሉበት፣ ለመኝታ ቤቱ ደግሞ በከፍታ የሚመሳሰል አዲስ ይምቱለት። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ከማየት በሁለት ክፍል ሁለት ዓይነት ማየት እጅግ ይቀላል።

ሊዛወር የሚችል ከሌለ ቅርጹን ማስቀዳት ይቻላል። ከተነቀለው 20 ሳ.ሜ. ያህል ቁረጡና ቀለሙ ተልጦ ለአናጢው ይሰጠው፤ በካርቶን ላይ የተሣለ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ቅርጹ የተወሳሰበ ከሆነ አናጢው ከታች ያለውን ጠፍጣፋ ክፍል ከአንድ ጣውላ፣ የላዩን ጌጥ ከሌላ ቀጭን እንጨት አውጥቶ በኮላ ሊያያይዘው ይችላል፤ ከተቀባ በኋላ አንድ ጣውላ ይመስላል። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ፤ ውሃ እየነካ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ልጆች በሌሉበት ይሠራ።

የበሩን ክፈፍ መምታት

ክፈፉ ከመመታቱ በፊት መቃኑ ከልስኑ ጋር እኩል መሆኑን በስኳድራ ወይም በቀጥተኛ ጣውላ ይፈትሹ። መቃኑ ወደ ውስጥ ከገባ በጉድለቱ ውፍረት ልክ ቀጭን እንጨት ይጨመርበታል፤ ልስኑ ወደ ውጭ ካበጠ ክፈፉ በሚያርፍበት ስፋት ውስጥ ተፍቆ ይስተካከላል። ክፈፉ ከመቃኑ የውስጥ ጠርዝ 5 ሚ.ሜ. ያህል ወደ ኋላ ብሎ ይመታል። ከጠርዙ ጋር እኩል ማድረግ ማጠፊያውን ያስቸግራል፣ ትንሿን መዛነፍም ያጎላል። ይህ የ5 ሚ.ሜ. መስመር በሁሉም በር አንድ ሲሆን ክፈፎቹ ተመሳሳይ ባይሆኑም እንኳ በሮቹ የአንድ ቤት ይመስላሉ።

በላይኛው ጥግ ላይ በ45 ዲግሪ ቆርጦ ማገናኘት ያምራል፤ ለድሬዳዋ ግን አልመርጠውም። እንጨት በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ ስለሚጠብ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ በውስጥ በኩል አፉን ይከፍታል። ሁለቱን ቋሚዎች ቀጥ አድርጎ ቆርጦ የላይኛውን ጣውላ ከላያቸው ማጋደም፣ ዳርና ዳሩም 1 ሳ.ሜ. ያህል እንዲያልፍ ማድረግ ለደረቅ አየር የተሻለ ነው። ቅርጽ ያለው አሮጌ ክፈፍ ባለበት ቤት ግን የነበረውን መከተል ግድ ስለሚሆን መገጣጠሚያው በኮላና በአንድ ቀጭን ብሎን ይያዝ።

ውፍረቱን አይርሱ። ክፈፉ ከዞኮሎው ቢያንስ 3 ሚ.ሜ. መወፈር አለበት፤ ሴራሚክ ዞኮሎ ከነማጣበቂያው ከግድግዳው 14 ሚ.ሜ. ያህል ስለሚወጣ የ18 ሚ.ሜ. ክፈፍ በቂ ነው። ክፈፉ አሮጌና ቀጭን ሆኖ መለወጥ ካልተቻለ ከሥሩ ከዞኮሎው ከፍ ያለ፣ ከሁለቱም የወፈረ የእንጨት ብሎክ ይቀመጥና ክፈፉ ከላዩ፣ ዞኮሎው ከጎኑ ይረፍበት። የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ዞኮሎዎችን በበር ለማለያየትም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። የላሜራ በር ያለው ክፍል ውስጥ ክፈፉን በብረቱ ላይ መምታት አያስፈልግም፤ ከብረቱ ዳር ግድግዳው ላይ ይታሰርና ስንጥቁ በሲልከን ይሞላል።

ዞኮሎውን መቁረጥና ማሰር

ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ይጀምሩ፤ ስንገባ ዓይን የሚያርፍበት እሱ ስለሆነ ሙሉ ጣውላው እዚያ ይዋል። በውስጥ ጥግ ላይ የመጀመሪያው ጣውላ ቀጥ ብሎ እስከ ግድግዳው ይገፋል፤ ሁለተኛው ጫፉ በ45 ዲግሪ ከተቆረጠ በኋላ የወጣውን የቅርጽ መስመር ተከትሎ በቀጭን መጋዝ ይፈለፈላል፣ በሞረድም ይስተካከላል፣ ከዚያ በመጀመሪያው ላይ ይገጥማል። ግድግዳው 90 ዲግሪ ባይሆንም፣ እንጨቱም ቢጠብ ይህ መገጣጠሚያ ብዙ አይከፈትም።

የውጭ ጥግ በሁለት በኩል ተቆርጦ ይገናኛል፤ ግን መቶ በመቶ ቀጥ ያለ የልስን ጥግ አይጠብቁ። በአንዱ ግድግዳ ላይ ቁራጭ ዞኮሎ አስጠግተው በውጭ በኩሉ ወለሉ ላይ መስመር ያስምሩ፣ በሌላውም እንዲሁ ያድርጉ። ሁለቱ መስመሮች ከሚቋረጡበት ነጥብ እስከ ግድግዳው ጥግ የሚሰመረው መስመር ትክክለኛው የመቁረጫ ማዕዘን ነው።

በብሎኬት ግድግዳ ላይ በ6 ሚ.ሜ. ፑንታ ተበስቶ፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ ሶኬት) ገብቶ፣ በየ50 ሳ.ሜ. በብሎን ይታሰራል። ከሶኬት በታች በቀጥታ አይብሱ፤ ሽቦው በዚያ ሊያልፍ ይችላል። በጭቃ ቤት ፊሸር አይይዝም፤ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እየመቱ ቋሚ እንጨቱን በድምፁ ይፈልጉና በረጅም ምስማር ይምቱበት። እንጨቱ ወለሉን እንዳይነካ ከሥሩ የ2 ሚ.ሜ. ካርቶን አስገብተው ያስሩና ካርቶኑን ካወጡ በኋላ ክፍተቱን በሲልከን ይሙሉ። ሊሾው ለማጠቢያ ውሃ መፍሰሻ ተብሎ ወደ በር ያዘነበለ ከሆነ ዞኮሎው ከወለሉ ጋር ይሂድ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጉብታ ካለ ግን ጉብታው በእርሳስ በጣውላው ላይ ይቀዳና ትርፉ ይላጋል።

ስቱኮና ቀለም

የምስማርና የብሎን ቀዳዳ በስቱኮ ይሞላል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ከግድግዳው ጋር ያለው የላይኛው ስንጥቅ ግን በስቱኮ ከተሞላ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ቀለም የሚቀበል ለስላሳ መሙያ ያስፈልጋል፣ ተራ ሲልከን ቀለም አይዝም። የጣውላው ጀርባ ከመመታቱ በፊት አንድ እጅ ፕራይመር መቀባቱ እርጥበት በአንድ ወገን ብቻ ገብቶ እንዳያጣምመው ይረዳል።

አሮጌውና አዲሱ እንጨት በአንድ ቀለም ቢቀቡም አሮጌው ቀድሞ የተቀባ ስለሆነ አዲሱ ቀለሙን የበለጠ ይጠጣል፣ ደብዝዞም ይታያል። ስለዚህ አዲሱ ሁለት እጅ ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለቱም አብረው ሁለት እጅ የዘይት ቀለም ይቀቡ። ለሥራው የሚበቃው ቀለም ከአንድ ጣሳ በላይ ከሆነ ጣሳዎቹ ሁሉ በአንድ ባልዲ ተቀላቅለው ይጠቀሙባቸው፤ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም በተለያየ ጊዜ የተመረቱ ጣሳዎች በትንሹ ሊለያዩ ይችላሉ። ሴራሚክ ዞኮሎ ካለው ክፍል ጋር ለሚዋሰን እንጨት ደግሞ የሴራሚኩን መሠረታዊ ቀለም ወይም የፉጋውን (በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላውን) ቀለም ይከተሉ፤ ክፈፉ ግን በሁለቱም ክፍል በኩል አንድ ቀለም ይሁን። በድሬዳዋ ማለዳ መቀባት ይመረጣል፤ በቀትር ሙቀት የዘይት ቀለም ላዩ ቶሎ ስለሚደርቅ የብሩሹ ዱካ ይቀራል። የሁለተኛው እጅ ቀለም ከደረቀ በኋላ መብራት አጥፍተው ባትሪ በወለሉ ላይ አጋድመው ያብሩ፤ ያልተሞላ ቀዳዳና ያልተስተካከለ መገጣጠሚያ በጥላው ራሱን ያሳያል።